ቡፌው የቆመበት ክፍተት

ባለቤቴ ሽመልስ ያገለገለ መጅሊስ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የሚነጠፍ የወለል ፍራሽ፣ ከዶሎ ኦዶ አስጭኖ መጣ። ሳሎናችን ውስጥ ዙሪያውን ስናነጥፈው አንዱ ፍራሽ በራችንን ዘጋ፤ አንስተን ደጅ አወጣነው። በወዲያኛው ግድግዳ በኩል በፍራሾቹ መሃል የተረፈው ክፍተት ላይ የእናቴን ቡፌ አቆምን።

ጎረቤታችን መሱዳ መጥታ ቆማ አየችው።

"ሀይማኖትዬ፣ ይሄ መጅሊስ የተሰፋው በቀድሞ ቤቱ ልክ ነው" አለችኝ። "ክፍተት የሚተወው ለበር ነው። እዚያ ጋ ቡፌ አታቁሚ።"

"ሌላ ቦታ የለኝማ" አልኳት።

ዛሬ ከሰዓት ብቻዬን ልብስ ሳጣጥፍ በር ተንኳኳ።

"ክፍት ነው፣ ግቡ" አልኩ።

የቡፌው ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ።

"እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ" አለ የማላውቀው ወንድ ከቡፌው ጀርባ።

ወደ በራችን ዞርኩ። ደጅ ያወጣነው ፍራሽ ቦታው ላይ ተነጥፏል። ከኋላው በር የለም፤ ግድግዳ ነው።