የተቀመጥኩበት እንጨት

«እጅህን አውጣ!» አልኩት...

በአማርኛ ነው የጮህኩበት። ሌላ ቋንቋ የለኝም።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በልጄ መኪና ሥር ተንበርክኮ እጁን ወደ ፊት ጎማው ልኮ ነበር...

መኪናው የድሮ ወታደራዊ ካሚዮን ነው። ልጄ ፍሬአብ አሜሪካ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። አሮጌውን ገዝቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእረፍት ቀኑ እየፈታ እየገጠመ ነፍስ ዘራበት።

በፈረንጆቹ 2014 ነው። እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን የጦር መኪና ሜዳ ላይ ደርድረው ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን ነበር።

ባለቤቶቹን ድንኳን ውስጥ ለስብሰባ ሲጠሯቸው ልጄ መኪናውን ለእኔ ተወልኝ።

«አባዬ፣ እኔ ሳልኖር ማንም እንዳይወጣበት። ልጅም ቢሆን! ሰው ከተጎዳ ሁለተኛ እዚህ አያስገቡኝም።»

«ማሽላ ከዝንጀሮ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የልጄ ልጅ ትህትና አብራን መጥታለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ሰውዬው የመጣው እሷ ውሃ ልትገዛ ስትሄድ ነው...

መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው።

በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ ዳበሰ።

ግራ ቀኝ አየ...

ከዚያ ከቦርሳው አንድ ነገር አውጥቶ ጎማው ሥር ከተተ።

ግራ ቀኝ አይቶ ዕቃ የሚደብቅ ሰው፣ ለደግ ሲያደርገው አላየሁም።

ስጮህበት ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል።

«ቾክ!» አለኝ።

«ምን?»

«ቾክ! ቾክ!» እያለ ወደ ጎማው ጠቆመ።

እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ቾክ ምን እንደሆነ አላጣውም። መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ጠመኔ ነው።

ልጄ ሁለት ዓመት የደከመበትን መኪና በቾክ ሊሞነጫጭረው?!

«ሂድ ከዚህ!» ብዬ ዱላዬን አነሣሁ።

አንድ ሁለት ነገር ተናገረ። እንዳልገባኝ ሲያይ ራሱን ነቅንቆ ወደ ድንኳኑ ተጣደፈ።

«ደግሞ ሊከሰኝ ነው» አልኩ በሆዴ።

ጎንበስ ብዬ የደበቀውን አወጣሁ። በአንድ በኩል የሳሳ፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት ጉማጅ ነው። ዓይኔ እንጨት አየ፤ ልቤ ግን ሌባ ነበር የሚያየው።

ልጄ እስኪመጣ ማስረጃው እንዳይጠፋ ብዬ... ተቀመጥኩበት።

ትህትና ስትመለስ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ ደረሰ። እዚሁ ቅርብ ካለው ከስካይላይን ሰፈር ነው የመጣነው አሉ። እናትየው የወይንሐረግ ትባላለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? የማን መኪና ነው?»

«የልጄ።»

«ጎበዝ ልጅ ወልደዋል! ማሙሽ አንድ ፎቶ ይነሣበት? አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!»

አየኋት። የአገሬ ልጅ ናት። አንገቷን ሰበር አድርጋለች።

«ይውጣ» አልኩ።

«ባት አባባ፣ ዳዲ ኖ ብሏል!» አለች ትህትና።

«ዝም በይ። የእኛ ሰዎች ናቸው።»

ልጁ ወጥቶ መሪውን ያዘ። ትህትና የሴትየዋን ስልክ ተቀብላ ፎቶ ልታነሣው ከመኪናው ፊት ቆመች። ሜዳው ወደ እሷ ያዘቀዝቃል...

«ማሙሽዬ፣ ሳቅ በል!» አለች እናቱ።

ማሙሽ እየሳቀ አጠገቡ ያለውን የእጅ ፍሬን ገፋው።

ቀጭ!

ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ...

ትህትና ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው።

«ትህትና!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ቾክ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ያ ሽማግሌ ነው! ልጄን አስከትሎ እየሮጠ ደረሰ። ከተነሣሁበት ላይ እንጨቱን ነጥቆ ጎማው ሥር ሸጎጠው።

መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ትህትና ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር።

የሰውዬው ጣቶች ተልጠው ይደማሉ።

ማሙሽ አለቀሰ።

«ቾክ ምንድን ነው?» አልኳት ትህትናን።

«ላይክ... ጎማው እንዳይሄድ... አማርኛውን አላውቀውም።»

«ታኮ?»

«ታኮ ነው፣ አባዬ» አለ ፍሬአብ። «ማድረግ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ታኮ! አውቶቡስ ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ጎማ ሥር ሲያደርግ ስንት ጊዜ አይቻለሁ...

ልጄ የሰውዬውን ነገር አስረዳኝ። ወታደር ሳለ ይህን መኪና ሰባት ዓመት ነድቶታል። የእጅ ፍሬኑ ያኔም ሲነካ የሚለቅ ነበር። ልጄ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን ፎቶ አይቶ መኪናውን በቁጥሩ ለየው። እሱ ዘንድ የቀረውን ታኮ ሊመልስ ነው የመጣው፤ ግራ ቀኝ ያየውም ባለቤቱን ሲፈልግ ነበር። እኔ አልሰማ ስለው ልጄን ሊጠራ ሮጠ።

እንጨቱን ጠጋ ብዬ አየሁት።

እንግሊዝኛ አላነብም። ቁጥር ግን አነባለሁ።

እንጨቱ ላይ ያለውና በሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው...

ማስረጃውስ እጄ ላይ ነበር። ተቀመጥኩበት እንጂ አላየሁትም።

ባርኔጣዬን አውልቄ «ይቅር በለኝ» አልኩት። ትህትና ሳልጠይቃት ተረጎመችልኝ።

ሽማግሌው በደማው ጣቱ ወደ እንጨቱ እያመለከተ ሳቀ።

«ታኮ» አለኝ።

መጠርጠር ክፉ አይደለም። የማይጠረጥር ጠባቂ ጠባቂ አይደለም። የእኔ ጥፋት ለባዕድ ዱላ፣ ለወገን ፈቃድ መስጠቴ ነው። ለሁሉም የተሰጠን ትእዛዝ ለዘመድ ካጠፍነው፣ የምንጎዳው ራሳችንን ነው።

እናንተስ... «የእኛ ሰው ነው» ብላችሁ ያሳለፋችሁት፣ ወይም «ባዕድ ነው» ብላችሁ ያባረራችሁት ሰው ኋላ አሳፍሯችሁ ያውቃል?

እውነቱን ጻፉልኝ። ትህትና ከዚያ ቀን ወዲህ የአማርኛ ፊደል እየቆጠረች ነው፤ የምትጽፉትን የምታነብልኝ እሷ ናት።