ባለ እንጀራ

«ቃሉን ድገመው» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር አካሉ።

«ኮምፓኒየን» አለ አበራ። ከቆላ ድባ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከተሰብሳቢው ፊት አቁመውታል፤ ከጎኑ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ አለ። በመስኮቱ በኩል ጣና ይታያል፤ የከሰዓቱ ነፋስ ደንገሉን ያጎነብሰዋል።

«ተማሪዎቹን ምን ብለህ አስተማርሃቸው?»

«ጓደኛ ማለት ነው፣ ሥሩም ላቲን ነው አልሁ። ‹ኮም› አብሮ፣ ‹ፓኒስ› ዳቦ። ዳቦ አብሮ የሚበላ ለማለት ነው። የእኛም ባልንጀራ እንደዚያው ነው፤ ባለ እንጀራ። ሌላ አልተናገርሁም።»

«ጓድ የሚል ቃል እያለን?» አካሉ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። «እህል በጠፋበት ሰዓት እንጀራ፣ እንጀራ ማለት ምንድን ነው? አብዮቱ አስራበን ማለት አይደለም?»

ባለፈው ከዚህ አዳራሽ የተወሰዱትን ሰዎች እስካሁን ያያቸው የለም።

አካሉ ወደ አበራ ተመለሰ። «የባልንጀራውን ነገር ማን ነገረህ? ይህ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይገኝም።»

ለአበራ የነገረው መርስዔ ኀዘን ነው፤ የአማርኛው መምህር፣ የቄስ ልጅ፣ ቤት ተጋርቶ አብሮት የሚኖረው። እራት ላይ እየሳቀ ነበር የነገረው። አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ወለተ ኪዳን የምትባል እጮኛ አለችው፤ ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ነው።

«ማንም። ከራሴ ነው» አለ አበራ።

አካሉ ጣቱን ቀሰረ። «ጓድ መርስዔ ኀዘን፣ አንተ አብረኸው ትኖራለህ። ምን ለማለት ፈልጎ ነው?»

መርስዔ ኀዘን ተነሣ። አበራ በዓይኑ ለመነው፤ አላውቅም በል፣ ይበቃል።

«ሕዝቡ ተርቧል ለማለት ነው» አለ መርስዔ ኀዘን። «ቤትም ሲናገር ሰምቸዋለሁ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጥበቃው አበራን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ በሩ ገፋው። አበራ ንዴቱ እንዲመጣለት ጠበቀ፤ አልመጣም። እሱ የመርስዔ ኀዘንን ስም ጠርቶ ቢሆን ኖሮ አሁን የሚገፋው ማን እንደሆነ አሰበ፤ ማሰቡ ራሱ አስጠላው።

ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሲደርስ እርምጃውን አዘገየ። አንድ ጊዜ ቀና ቢልልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አለ በልቡ።

መርስዔ ኀዘን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። አስሮ ጨረሰ። ፈታውና እንደገና ማሰር ጀመረ።