የመብረቁ ጠያቂዎች

ሐኪሟ ነገሩን አላድበሰበሰችም።

"ይሰሙ ይሆናል። የሚወዱትን ነገር አውሩላቸው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ምንም ምልክት ካላሳዩ ግን፣ ስለ መተንፈሻ ማሽኑ መነጋገራችን አይቀርም።"

ሚስትየው ጆሮዋ ውስጥ የቀረው "ይሰሙ ይሆናል" የሚለው ብቻ ነው።

አልጋው ላይ የተኛው ሰው ከራሱ እስከ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሚነደው መኪና ውስጥ፣ ከመሪው በኩል፣ ጎትተው ያወጡት መንገደኞች ናቸው። ሁለተኛውን ለማውጣት ሲመለሱ እሳቱ አላስጠጋቸውም። ሟቹ በማግስቱ ሳጥኑ ሳይከፈት ተቀበረ።

የሚስትየውን ባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው "መብረቁ" በሚል ቅጽል ስሙ ነው። የመኪና ውድድር ያለው ቀን ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ ይወጣለት ነበር። ውድድሩን ካቆመ በኋላ የነዳቸውን መኪኖች አንድ በአንድ እየፈለገ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ያረጁትን ከመካኒኩ ጋር እየፈታ ሲገጥም ይውላል። የዚያን ቀንም ነጯን ሊሞክሯት አብረው ወጡ፤ አልተመለሱም።

ሚስትየው ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዋን አወራችው። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሰርጋቸው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሳይቀር። ማሽኑ ያው ጢጥ፣ ጢጥ ማለቱን ቀጠለ። ወሬ ሲያልቅባት መኪኖቹ ትዝ አሏት። ስለ እነሱ ግን ከቀለማቸው በስተቀር የምታውቀው ነገር የለም። ስለዚህ አድናቂዎቹ መጥተው እንዲያወሩለት ለመነች፤ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች በየሱቁ እየዞረች ለመነች።

መጀመሪያ የመጣው ጎማ ነጋዴው ነው።

"መብረቁ፣ ሰማያዊዋን ገደሉ አፋፍ ላይ በሁለት ጎማ ያዞርካት ትዝ ይልሃል? እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ ነው የገለጥኩት።"

ጢጥ፣ ጢጥ።

ጡረታ የወጣች አስተማሪ ተከተለች። "ተማሪዎቼን ፈተና ላይ ጥዬ የመጣሁት አንተን ላይ ብዬ ነው። እንዳልያዝ ስደበቅ፣ ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ ቆሞ ሲጮህልህ አገኘሁት።" ራሷ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ አሳፍሯት እንባዋን ጠረገች።

ጢጥ፣ ጢጥ።

ጎማ ነጋዴው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለአስተማሪዋ ያወራል። "መሪውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም እኮ። 'ዓይኔ የደከመ ቀን የምሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው' ይለኝ ነበር።" ሚስትየው አጠገባቸው ብትቆምም ልቧ ከበሩ ወዲያ ነው።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ የመካኒኩ ሚስት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጥቁሩን ልብስ ለራሷ የሰፋችው ራሷ ነች። ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች። ከተማው በሙሉ "መካኒኩ ፍሬኑን ሳያጠብቀው ነው" ይላል። ሚስትየውም ብላዋለች፤ ያውም ቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ልብስ ሰፊዋ ስታያት ብድግ አለች።

"እትዬ፣ ጋሼን አንድ ጊዜ ልያቸው።"

"ባልሽ ያደረገን አይበቃም?"

"እሱ ፍሬን ሳያይ መኪና አስነስቶ አያውቅም። እሱን ብቻ ልንገራቸውና እወጣለሁ። ጋሼ ይፍረዱት።"

"እዚህ በር ድርሽ እንዳትይ!"

ልብስ ሰፊዋ መልሳ ተቀመጠች። ወዴት ትሂድ? ቤቷ ያለው ባዶ አልጋ ነው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ እንደምትመጣ ነግራለች። ሚስትየው የፋሻውን ጫፍ ታስተካክላለች፤ ያልተዛነፈውን ሁሉ ታስተካክላለች። አልጋው አጠገብ አንድ ታክሲ ነጂ ተቀምጦ ስለ ቀይዋ ያወራል።

"ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አድርጎታል። ሌሎቹ ሁሉ ቆመዋል። አንተ ግን ቀይዋን..."

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውጭ ልብስ ሰፊዋ ነርሷን ትለምናለች። "ስለ ልጆችሽ፣ ከበሩ አላልፍም፣ ከዚሁ ሆኜ ልናገር..." ድምፅዋ በለቅሶ ተቆራረጠ።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥጢጥጢጥ።

ሚስትየው ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። "ቀይዋን ሰማ! ቀይዋን ነው የሰማው! አታቁም፣ ንገረው!" ሮጣም የውጭው ጫጫታ እንዳይረብሸው በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

ታክሲ ነጂው እየነዳ ወደ መኪኖቹ ግቢ በረረ፤ ቀይዋን አስነስቶ ጩኸቷን በስልኩ ቀድቶ ተመለሰ። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጡት። ሞተሩ አጓራ። ከፋሻው ስር አንድ ጣት ተንቀሳቀሰ፤ ቆይቶ እንደገና፣ ሞተሩን ተከትሎ፣ መታ መታ አደረገ።

ሐኪሟ ገብታ ጣቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ስለ ማሽኑ ያለችው ነገር የለም። ሚስትየው ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአልጋውን ብረት ሳመች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። በራሱ መተንፈስ ጀመረ፤ ቀናት ቆይተውም ቱቦውን ከጉሮሮው አወጡለት። የዚያን ዕለት ጠዋት አድናቂዎቹ ኮሪደሩን ሞልተውት ነበር። ጎማ ነጋዴው አበባ ይዟል፤ አያያዙ ግን ጎማ እንደያዘ ሰው ነው። ልብስ ሰፊዋን ጥበቃዎቹ ከግቢው አስወጥተዋታል፤ ያስወጧት ሚስትየው ስለጠየቀች ነው።

በፋሻው መሃል ከንፈሩ ተላወሰ። ሚስትየው ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች።

"አለሁ፣ እኔ ነኝ። አይዞህ፣ ንገረኝ።"

"እትዬ፣" አለ፣ ድምፁ በጭስ ተቃጥሎ እምብዛም ሳይሰማ፣ "ጋሼስ ተረፉ?"