ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሁለት

ሁለት ለባዶ ተሸንፈናል፤ እኔን ግን ትከሻቸው ላይ ተሸክመውኛል። የሞላሌ ሰው በረኛ ሲሸከም ይህ የመጀመሪያው ነው። ሜዳው ዳር ያልጨፈረ የለም፤ እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስታው ሊገድለኝ ደርሷል። አሥራ አንድ ኳስ አድኛለሁ። ቆጥሬያቸዋለሁ።

«አውርዱት! ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል!» ይላል አሰልጣኛችን ምንይሉ። እሱ ራሱ ከሁላችንም በላይ እየዘለለ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ስለ ሜዳው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ይህ የግጦሽ መስክ ነበር። አገሬው ለቡድናችን ሲሰጠን አስምሎናል፤ በየዓመቱ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ከትልቁ ከተማ ከሚመጣው የፋብሪካ ቡድን ጋር እንገጥማለን፣ በሦስተኛው ዓመት መሻሻላችን ከታየ ሜዳው ይጸናልናል፣ ካልታየ ለከብቱ ይመለሳል። እነሱ አውቶቡስ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው፣ ለጭቃ አንድ ለደረቅ ሌላ ታኬታ አላቸው። እኛ አንድ ኳስ አለን፤ እሱም ይተነፍሳል።

መምሬ ባስልዮስ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሐል ተቀምጠዋል። በስተቀኛቸው ያሉት አያ ፈንታ ሣሩን ብቻ ያያሉ።

«ተሸነፋችሁ አይደለም ወይ?» ይላሉ አያ ፈንታ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። የእናንተ ነገር ይኸው ነው።»

ምንይሉ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቆማል። አባቱ ስለ አንዲት ማሳ አሥራ አራት ዓመት የተሟገቱ ሰው ናቸው፤ ክርክርን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

«አባቶቼ፣ በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ገባብን። አምና ስድስት። ዛሬ ሁለት። ይህ መሻሻል ካልሆነ መሻሻል ምን ሊሆን ነው? ለከርሞ እኩል እንወጣለን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

«ቁጥሩን ሰማን» ይላሉ መምሬ። «ምስክር አለህ?»

«አለኝ! የራሳቸው አምበል ይናገርልኝ።»

እናጨበጭባለን። ያገራችን ሰው ምስክሩን ከባላጋራው ወገን ሲጠራ እንደሚኮራው በምንም አይኮራም። ደንቡ ግን ከባድ ነው። የጠራኸው ሰው አፉን ሳይከፍት አንተ አስቀድመህ «ቃሉን ወድጃለሁ» ትላለህ፤ ካልክ በኋላ ቢያርድህም መልስ የለህም።

«ቃሉን ወድጃለሁ!» ይላል ምንይሉ። አንዴ ሲበቃ ሦስት ጊዜ ይለዋል።

አምበላቸው ማዕረግ ይባላል። እንግዶቹ ከሚበሉበት ድንኳን ተጠርቶ ይመጣል፤ የበግ ጮማ የነካ እጁን በሣር እየጠረገ። ረጅም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ነገሩን ሲያስረዱት ፊቱ ይለወጣል።

«አባቴ፣ እኔን ይለፉኝ።»

«ተናገር እንጂ!» ይላል ምንይሉ። «ምን ያስፈራሃል? ቃልህን ወድጃለሁ አልኩ እኮ!»

መምሬ መስቀሉን ያነሣሉ። «በዚህ ፊት ነው ልጄ። እነዚህ ልጆች ወደ እናንተ እየቀረቡ ነው ወይስ ባሉበት ናቸው?»

ማዕረግ መስቀሉን ይሳለማል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ነፋሱ ግን ለሁላችንም ያደርሰዋል።

«በመጀመሪያው ዓመት የመጣው ዋናው ቡድናችን ነው። አምና ተቀያሪዎቹን ይዘን መጣን። ስድስት ስናገባ ሕዝቡ አዘነ፤ እኛም የተደገሰልንን ሳንበላ አፍረን ሄድን። ዘንድሮ አሰልጣኛችን ሁለት ይበቃል አለን። ቅዳሜ የምር ጨዋታ ስላለብን እግራችሁን ጠብቁ፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸውና አታስቀይሟቸው አለን።»

«ሁለቱ ከገቡ በኋላስ?» ይላሉ አያ ፈንታ። እኚህ ሰው ቁስል ካዩ ጣታቸውን ሳይከቱበት አያልፉም።

ማዕረግ እኔን ያየኛል፤ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ይሰብራል። «ከዚያ በኋላ ለበረኛው እጁ ላይ ነበር የምንሰጠው።»

ቅድም የተሸከሙኝ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራሉ። አንዱ ይስቃል። ከዚያ ሁሉም ይስቃል። እናቴ ጌታነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የምታለቅስልኝ መስሎኝ ነበር።

ምንይሉ የቱታውን ቁልፍ እስከ ደረቱ ይፈታል። ምን ሊል ይችላል? ቃሉን ወዷል።

«መስኩ ለከብቱ ይመለስ» ይላሉ መምሬ። አያ ፈንታ አሜንም አላሉ፤ ተነሥተው ላማቸውን ለመፍታት እየሄዱ ነው። ጓደኞቼ የጎሉን መረብ መፍታት ይጀምራሉ፤ ማንም ማንንም አያይም።

ማዕረግ ቋሚው ሥር ወደተቀመጥኩበት ይመጣል። «ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። መስቀል ነው፤ ምን ላድርግ?»

«አልተቀየምኩም» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው፤ አውቶቡሳቸው ገደል ቢገባ ዛሬ አላዝንም። ግን ሜዳው ሄዷል፣ ቡድኑም አብሮት ሄዷል፤ ለእኔ የምትቀረኝ አንዲት ነገር እፈልጋለሁ። ከዕረፍት በኋላ ወደ ግራው ቋሚ ጥግ የመጣች ኳስ ነበረች። መሬት ለመሬት ነው የመጣችው፤ ደረቴ እስኪላጥ ተወርውሬ በጣቴ ጫፍ አወጣኋት። እንዲህ ያለ ኳስ እጅ ላይ የተሰጠ አይደለም። ሊሆን አይችልም።

«ከነዚያ ሁሉ መሐል» እለዋለሁ፣ «አንዷ እንኳ...»

«እሷማ የምር ነበረች!» ይለኛል ከአፌ ነጥቆ። ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል። «እሷንማ ሌላ ማንም በረኛ አያድናትም ነበር።»

የትኛዋ እንደሆነች ገና አልነገርኩትም።