ዘጠኝ ጊዜ አዎ

ፍጹም የሚባለው ልጅ ማሽን አያምንም። እሱና ሲምረት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩትን ነጻ የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም አገር ቤት ያሉ ጤና ጣቢያዎች ለክትባት ቀጠሮ ይጠቀሙበታል፤ አንዲት ቀን ከተዛነፈች ያለ ክትባት የሚቀር ሕፃን አለ። ሲምረት "አዲሱን ቅጂ ማሽኑ ራሱ ፈትሾ ይልቀቀው፣ ኸላስ፣ በቃ!" ብላ ብትወተውተውም በጄ አላላትም። ስለዚህ አዲስ ቅጂ በሚወጣበት ቅዳሜ ሁሉ ረፋድ ላይ እሷ ከዱባይ፣ እሱ ሻርጃ አል ተዓውን ሰፈር ካለው ቤቱ በስልክ ይገናኛሉ። እሱ ዘጠኝ የፍተሻ ጥያቄዎች ያነባል፤ እሷ እያንዳንዱን አይታ "አዎ" ትላለች።

ዛሬ "አዎ"ዋ ፈጠነበት። ጥያቄውን ሳይጨርስ ትመልሳለች፤ ድምጿ ከፍም ዝቅም አይልም።

"ይቺ ልጅ ድምጿን ቀድታ፣ ከማሽን ጋር አፋጥጣኝ ሄዳለች" አለ በሆዱ።

ዘጠነኛው "አዎ" እንደተሰማ ቅጂውን መልቀቁን ተወና፣ ሊያጋልጣት ዝርዝሩ ላይ የሌለ ጥያቄ ፈጠረ።

"አስረኛ፤ በሩ ተቆልፏል?"

"ቆይ፣ ልየው" አለችው።

ፍጹም በጥርጣሬው አፍሮ ፈገግ አለ። ማሽን "ቆይ" አይልም።

የሸበጥ ኮቴ ተሰማው። ስልኩን ከጆሮው ቢያርቀውም ኮቴው አልቀነሰም። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ከማለዳ ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው።

ከጀርባው፣ የገዛ ቤቱ በር ላይ፣ ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

"አዎ" አለች።