ስንዴ የማይገባበት ቤት

በዚያ ቤት ስንዴ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል። ዳቦ የለም፣ ፓስታ የለም፣ እንግዳ እንኳ ኬክ ይዞ ከመጣ ኬኩ ከበር ይመለሳል። ሰዓት ሠሪው ስንዴ አይስማማውም፤ ሐኪም ከልክሎታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋም «አንተ የማትበላውን እኔ ብበላ አንቆ ይግደለኝ» ብላ አብራው ተወች።

ያኔ የተመረመሩት ሁለቱም ናቸው። እሷ ክሊኒክ የገባችው በልመና ነበር። ታላቅ እህቷ በሽታዋን ከሐኪም አፍ በሰማች በሁለት ወሯ ሞታባታለች፤ «የገደላት በሽታው አይደለም፣ ወሬው ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። ስለዚህ ደሟን ሰጥታ ወጣች፤ ውጤት ልትሰማ ግን አልተመለሰችም። ባሏ ብቻውን ሄደ። የውጤቱን ወረቀት ኪሱ ከትቶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አንቺ ደህና ነሽ» አላት። «ስንዴ የተከለከልኩት እኔ ነኝ።»

አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ የዱቄቱን ጣሳ እንዳለ ለጎረቤት ሰጠችና ቅዳሜ ቅዳሜ ብስኩት መሥራት ጀመረች። የሩዝ ዱቄት፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ለውዝ፣ ሳይሰስቱ የሚጨምሩት ቅቤ፣ ስኳር ለአመል ያህል። የሚያያይዘው ስለሌለ ሊጡ እጅ ላይ ይበተናል፤ እንደ ልጅ ማባበል ይፈልጋል። ጨምቃ፣ አድበልብላ፣ በሹካ ጀርባ ተጫን አድርጋ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ሲወጣ እፍ ቢሉት የሚፈርስ፣ አፍ ውስጥ የሚቀልጥ ነው።

ባሏ ብቻውን አይበላም። «ካልበላሽ አልበላም» ይላታል። ለእሷም ተስማማት፤ ጉንጯ ሞላ፣ ዕድሜ ልኳን ሲነፋት የኖረው ሆዷም ተወት አደረጋት።

«ሌላዋ ሴት ባሏን ስታስታምም ትከሳለች፣ አንቺ ትወፍሪያለሽ!» ብላ ጎረቤቷ ትቀልድባታለች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አንድ ሐሙስ የባሏን ኮት ገበር ስትጠግን ከኪሱ ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ ያው የድሮው የክሊኒክ ወረቀት ነው፤ አራት ታጥፎ ጠርዙ አልቋል። የሚለውን ስለምታውቅ አልገለጠችውም። ሁለተኛው የዳቦ ፍርፋሪ ነበር።

ፍርፋሪውን መዳፏ ላይ ይዛ ጎረቤቷ ዘንድ ሄደች። ጎረቤቷ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልነግርሽ አልፈለግኩም ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ባልሽ ምሳ ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካለው ዳቦ ቤት አይጠፋም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ፈት ናት፣ ሳቂታ።»

«ዳቦ? እሱ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

በማግስቱ ሄዳ አየች። ባሏ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል። ሴትየዋ የሆነ ነገር አለችውና ሳቀ። ሲጨርስ በብሩሽ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን አራገፈችለት። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ እጁን ደግሞ ታጠበ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

ስድስት ዓመት! በእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ኬኩ ሲቆረስ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችው ለማን ብላ ነው? በዳቦ ቤት ደጃፍ ስታልፍ ምራቋን ስትውጥ የኖረችው ለማን ብላ ነው? ሴት መውደዱ እንኳ ይቅር። እሷን ከልክሎ እሱ ከሌላ ሴት እጅ ትኩስ ትኩሱን መጉረሱ ግን አንጀቷን ቆረጠው።

ቅዳሜ ጠዋት የስንዴ ዱቄት ገዝታ ገባች። ለውዙን ወቀጠች፣ ቅቤውን ጨመረች። ሊጡ ወዲያው ተያያዘላት፤ እንዴት ያለ ታዛዥ ነው! ከመጀመሪያው ትሪ አንድ ቀመሰች። ደገመች። እንባዋ እየወረደ ሦስተኛውንና አራተኛውን በላች። ሆዷ ሲያጉረመርምባት ንዴት ነው አለች።

ከሰዓት ባሏ ገባ። «የኔ እመቤት፣ ሽታው ከበር ጠራኝ» ብሎ ተቀመጠ። ሳህኑን ገፋ አደረገችለት። አምስተኛው ብስኩት እጇ ላይ ነው።

ነከሰ። ብስኩቱ አልፈረሰም። ማኘኩን አቆመ።

«ምነው? ብላ እንጂ!» አለች። «የእሷ ሲሆን ይጣፍጣል፣ የእኔ ሲሆን ያማል? ታመምልኝ እስቲ ልይህ!» ወረቀቱን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አንብብልኝ! አትብላ የሚለውን አንብብልኝ!»

ወረቀቱን ዞሮም አላየው። ብድግ ብሎ እጇ ላይ ያለውን ብስኩት መትቶ ጣለው።

«ስንት በላሽ?»

«ምን አገባህ? አንብብ!»

«ስንት በላሽ አልኩሽ!»

«አራት! አራት በላሁ! ልትቆጥርብኝ ነው ደግሞ?»

የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር መኪና ልጥራ ብሎ ሮጦ ወጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወደዚያችው ሴት ነው እንግዲህ፣ አለች በልቧ።

አንድ እጇን የሚቆርጣት ሆዷ ላይ አድርጋ በሌላው ወረቀቱን ገለጠችው። ስንዴ ፈጽሞ እንዳይበላ የሚለው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ዓይኗ ወደ ወረቀቱ አናት ወጣ።

ጾታ፦ ሴት።