ጋሼ ፓይለት

ይልማ የሸዋ ሮቢት ፎቶ አንሺ ነው። ስቱዲዮው ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ይገኛል። ዘንድሮ ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ስለሚያነሳ፣ የቀረለት ደንበኛ የመታወቂያ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው። እሱ ላይም ፈገግ ማለት ክልክል ነው።

ስሙን ያስጠራው ግን ግድግዳው ላይ የሰቀለው ረጅም ፎቶ ነው። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት አንበጣ የይፋትን ቆላ ሲወር፣ መንጋው የት እንዳረፈ የምታስስ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ጀውሃ ሜዳ ላይ ሰፍራ ነበር፤ ይልማም ከላይ ፎቶ እንዲያነሳ ተቀጠረ። ከእሷ ላይ የተነሱ ስምንት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጣጥፈው፣ ከአንኮበር ተራሮች እስከ ጀውሃ ያለውን አገር በአንድ ዕይታ ያሳያሉ። ወንዙ፣ ማሳው፣ ዋርካው ሁሉ አለ። ከዚያ ወዲህ ይልማ «ጋሼ ፓይለት» ሆኖ ቀረ።

ታሪኩን ሲያወራ የሚያስቸግረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አውሮፕላኗ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ማንም አያውቅበትም፤ ምናልባት ከወይዘሮ የሺ በቀር። የሺ ያኔ ለአውሮፕላኗ ሠራተኞች ውሃ የምታመላልስ ልጃገረድ ነበረች። ዛሬ ልጆች ያደረሰች፣ የተከበረች ገበሬ ናት። በየዓመቱ ለመስቀል ገበያ ስትወርድ ስቱዲዮው ጎራ ትልና ፎቶው ፊት ትቆማለች። አንድ ጊዜ፣ እላይ ብርዱ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችው። ምን ብርድ አለ፣ የሚያቀልጥ ሙቀት ነበር እንጂ ብሎ መለሰላት። የሺ ፈገግ ብላ ወጣች። ይልማ ያን ዕለት ስቱዲዮውን በጊዜ ዘጋ።

ባለፈው ክረምት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ መሄጃውን ቀየረ። በየሺና በጎረቤቷ በአሲያ እርሻ መካከል ድንበር የነበረውን ዋርካ ነቅሎ ወሰደው። ዋርካው የት እንደነበር ሲያከራክር፣ ሁለት ጥማድ የማሾ መሬት ባለቤቱ ጠፋ። የየሺ ልጆች የእናታችን ነው አሉ። የሺ ራሷ ግን የእኔ ነው ብላ አልተከራከረችም። አሲያ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ያ መሬት ከሄደ የሚቀራት ጓሮዋ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ሰብሳቢው ሃጂ ኢብራሂም፣ የይልማ ፎቶ ዋርካውን፣ መሬቱንም ከአሲያ ወገን አድርጎ ያሳያል ሲባል ሰምተው ነበር። ያነሳው ሰው ቀርቦ የትና መቼ እንዳነሳው ከማለ እንቀበላለን አሉ።

አሲያ ስቱዲዮው ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ የምለምንዎት አንድ ቃል ብቻ ነው» አለችው።

ይልማ እሺ አላት። ያንን ቃል አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይጠየቅ ሲያወራው የኖረ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል?

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶውን ተሸክሞ የቀበሌው አዳራሽ ገባ። የሺ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ያን ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ስገባ አይታኛለች፣ ልክ ስምል ተነስታ ታዋርደኛለች ሲል አሰበ። እንደገና ቁጥቋጦ ፈለገ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር እንጂ ቁጥቋጦ የለም። ከምትቀድመኝ ልቅደማት አለና ተነሳ።

«አውሮፕላኗ ሞተሯን ስታስነሳ ፈራሁ» አለ። «ካሜራውን አስተካክዬ ስለነበር ቁልፉን መጫን ብቻ ነበር የቀረው። በፈረንጁ አብራሪ እጅ ላይ ጥዬው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ተመልሳ እስክታርፍ ዓይኔን አልገለጥኩም። ፎቶውን ያነሳው ፈረንጁ ነው፤ እሱም አገሩ ከገባ ቆየ። እኔ ያበረርኩት ወሬ ብቻ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ይልማም አብሮ ሳቀ፤ እንዲያውም ቀለል አለው። ከዚያ አሲያን አያት። በሻርፗ ፊቷን ሸፍናለች። ከአንዲት ሴት አፍ ለማምለጥ ሲል የሌላዋን መሬት አሳልፎ መስጠቱ የገባው ያኔ ነው። በዕድሜው አንዴ እውነት ቢናገር እሱንም በፍርሃት፣ ያውም በማይሆን ቦታ።

ሃጂ ኢብራሂም ሳቁን በእጃቸው አበረዱ። ያነሳው ሰው ካልተገኘ ፎቶው ወረቀት ነው፣ መሬቱም ለወይዘሮ የሺ ይጸናል አሉ። ልጆቿ ተጨባበጡ። ሃጂም ለወጉ ያህል፣ የምትጨምሪው ነገር አለ ወይ ብለው የሺን ጠየቋት።

ዝም ብትል ነገሩ አልቋል። የሺ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ይልማ አንገቱን ደፋ።

«ፈረንጁማ ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ነበር» አለች። «ፎቶዎቹን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ መሬቱም የአሲያ ነው።»